መስመሩ ሲቆረጥ፦ ዋትስአፕ በካርቱም

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የሱዳን የቴሌኮምና የፖስታ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በዋትስአፕ የሚደረግ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ከወሩ 25ኛ ቀን ጀምሮ እንደሚገደብ አስታወቀ። ምክንያቱ የአገር ደኅንነት ነው ተባለ። የጽሑፍ መልእክትና ቡድኖች አልተነኩም። ይሁን እንጂ ካርቱም የቀረ ሰው ካይሮ ከተሰደደ ወይም በመተማ በኩል ኢትዮጵያ ከገባ ዘመዱ ጋር በርካሽ የሚነጋገረው በዚሁ ጥሪ ነበር።

በመንግሥትና በኢንተርኔት ተጠቃሚው መካከል ያለው ሙግት የቆየ ነው። በዲሴምበር 2018 በፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር ላይ ተቃውሞ ሲቀጣጠል መንግሥት ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዋትስአፕን ዘጋ፤ ወጣቱ ግን እገዳን በሚያልፈው ቪፒኤን እየሾለከ የሰልፍ ጥሪ መቀባበሉን አላቆመም። አል በሽር በኤፕሪል 2019 ከሥልጣን ወረዱ። ጁን 3 ቀን በጦሩ ዋና መምሪያ ደጃፍ የሰፈሩት ሰልፈኞች በጥይት ሲበተኑ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ፤ ያኔ ቪፒኤንም አልጠቀመ። አንድ ጠበቃ ዜን የተባለውን የቴሌኮም ኩባንያ ከስሶ ረታ፤ መጀመሪያ የተከፈተው ግን የእሱ መስመር ብቻ ነበር። ከኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ጠፋ።

የዋትስአፕ ብርታት ጎልቶ የታየው ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በጦሩና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ነው። የሰፈር ልጆች የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች የተባሉ የእርዳታ ቡድኖችን አቋቋሙ። የትኛው መንገድ ይታለፋል? የስኳር ሕመም መድኃኒት ማን ጋ አለ? ተኪያ የሚባሉት የጋራ ማድቤቶች ምን ጎደላቸው? ጥያቄውም መልሱም በዋትስአፕ ቡድን ይመላለሳል። ውጭ ያለ ዘመድ ባንካክ በተባለው የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ያስገባል፣ የደረሰኙንም ፎቶ ይልካል። ዋትስአፕ በደካማ ኔትዎርክም ይሠራል፤ ያልሄደው መልእክት መስመር እስኪመጣ ይጠብቃል፤ መጻፍ የማይችል ሰው ደግሞ ድምፁን ቀድቶ ይልካል። ለተከበበ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱም እዚያው ነው። ከ2016 ወዲህ መልእክቱ ከላኪው እስከ ተቀባዩ ስለሚመሰጠር ኩባንያው እንኳ አያነበውም። ኬላ ላይ ታጣቂ «ስልክህን ክፈት» ሲል ግን ምስጢሩ ሁሉ እጁ ላይ ነው፤ የቡድኑ አባላት ስልክ ቁጥር ጭምር። ምንጩ ያልታወቀ «መንገዱ ክፍት ነው» የሚል የድምፅ መልእክትም ሰውን ወደ ተኩስ ሊመራ ይችላል። በ2019 አንድን መልእክት ከአምስት ቦታ በላይ በአንዴ ማስተላለፍ መከልከሉ ወሬውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠራውም።

በፌብሩዋሪ 2024 የዜን፣ የሱዳኒና የኤምቲኤን ኔትዎርኮች ሦስቱም ጠፉ፤ ተፋላሚዎቹም እርስ በርስ ተካሰሱ። በርካታ ማድቤቶች ገንዘብ መቀበል አቅቷቸው ሥራ አቆሙ። ነዋሪው በሰዓት እየከፈለ በስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት ለመገናኘት ተገደደ፤ ከመሣሪያዎቹም ብዙዎቹ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ታጣቂዎች ቁጥጥር ሥር ነበሩ። ዋትስአፕ በ2023 ያስተዋወቀው፣ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያገናኘው የፕሮክሲ አገልግሎት የተዘጋን መተግበሪያ ሊያስከፍት ይችላል፤ ጭራሽ ኔትዎርክ በሌለበት ግን የሚያደርገው ነገር የለም።