ከፈንጣጣው መነኩሴ እስከ ሳኒታሪያኖቹ

ፈንጣጣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና አገሮች ለብዙ ዘመን ሰው ሲፈጅ ኖሯል። የገደለውን ገድሎ፣ የተረፈውን ፊቱን አበላሽቶ ወይም ዓይኑን አጥፍቶ ይተወው ነበር። ይህ በሽታ እንዴት እንደጠፋ ሲነገር ሁለት ወገኖች ይዘነጋሉ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ አንድ ካቶሊካዊ መነኩሴ፣ ከእሳቸው መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ መርፌ ይዘው በየመንደሩ የዞሩት የራሳችን የጤና ሠራተኞች።

መነኩሴው ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው፤ በአገራችን አባ ማስያስ ተብለው ይታወቃሉ። በ1809 በሰሜን ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ ውስጥ ተወለዱ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የካፑቺን ማኅበር አባል ነበሩ። በ1846 ሮማ ላይ ጵጵስና ተቀብለው ለኦሮሞ ሕዝብ እንዲሰብኩ ቢላኩም መንገዱ ተዘጋባቸው፤ ጉድሩ፣ አሳንዳቦ የደረሱት በ1852 ነው። ከዚያም በሊሙ እናርያ በኩል አድርገው በ1859 ካፋ ገቡ፤ በ1861 ተባረሩ። ጓደኛቸው አባ ሌዎን ዴዛቫንሼ በጌራ ተቀምጠው ሲሠሩ ኖረው በ1879 እዚያው አረፉ።

ሰው አባ ማስያስን የፈለጋቸው ለስብከታቸው ብቻ አልነበረም። «የፈንጣጣ ጌታ» ያስባላቸው ክትባታቸው ነው። መከተብ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ሰው ክንድ ጭሮ መቀባት በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች የቆየ ልማድ ነው። ችግሩ ያ መግል ራሱ ፈንጣጣ መሆኑ ላይ ነው፤ የተከተበው ቀሎት ቢድንም ጎረቤቱን ሊገድል ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 የሞከረው ክትባት ግን ከላም ፈንጣጣ የሚገኝ ስለነበር ወረርሽኝ አያስነሳም። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን መድኃኒቱን ሳይበላሽ ለማቆየት የታወቀው ዘዴ፣ የተከተበው ልጅ ክንድ በሳምንቱ ውሃ ሲቋጥር ከዚያ ቀድቶ ሌላውን መክተብ ነበር። ሰንሰለቱ አንዴ ከተበጠሰ መድኃኒቱ አለቀ ማለት ነው።

ውለታቸውን ሳነሳ ሌላውን ገጽ ልሸፍን አልፈልግም። አባ ማስያስ በኋላ በሸዋ የምኒልክ አማካሪ ሆነው ለጣሊያኖች መንገድ ጠርገዋል፤ በ1876 የመጣው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን የእሳቸውን ድጋፍ አግኝቷል። አጼ ዮሐንስ በ1879 ከአገር እንዲወጡ ያዘዙት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1889 በካርዲናልነት አረፉ። በ1939 ደግሞ፣ አገራችን በወረራ ሥር ሳለች፣ ሕይወታቸው ፊልም ሆኖ ቬኒስ ላይ የሙሶሊኒን ዋንጫ ወሰደ። ፋሺስቶች በስማቸው ለነገዱበት ሟቹን አልወቅስም። በሸዋ ለሠሩት ፖለቲካ ግን ተጠያቂው ራሳቸው ናቸው፤ ክትባቱም ያንን አይፍቅላቸውም።

ፈንጣጣን ከሥሩ የነቀለው ግን ሌላ ትውልድ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በጥር 1971 ዘመቻ ስትጀምር፣ በዚያው ዓመት ብቻ በመላ አገሪቱ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሳኒታሪያን የሚባሉት የጤና ሠራተኞቻችን ከውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ጋር፣ መኪና በማይገባበት በእግርና በበቅሎ እየሄዱ ሕመምተኛ አሰሱ። ክትባቱ በፈሳሽ የሚበጠበጥ ደረቅ ዱቄት ነው፤ መርፌዋ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀ ናት። ጫፏ ላይ አንዲት ጠብታ ይዘው ክንዱን ቶሎ ቶሎ 15 ጊዜ ይወጉታል፤ ትንሽ ደም ካሳየ በቃ። የአገሪቱ የመጨረሻ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው።

ለሞቱት ሐውልት እናቆማለን፤ ያልሞቱትን ሰዎች ግን ማን ይቆጥራል? የያኔዎቹ ወጣት ሳኒታሪያኖች ዛሬ በሕይወት ያሉት ሰባና ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ወይም በቦንጋ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ካለ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ የሚነግራችሁን ጻፉት። የሐኪሞች መፍለቂያ የሆነው ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ዘንድሮ ቢያሰማራቸው ገና ይደርስበታል።