የእንዶዱ ሳይንቲስት፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ

እንዶድ ለአምባ ጊዮርጊስ ሰው ባዳ አይደለም። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አጥር ላይና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠላልፎ የሚያድግ ሐረግማ ቁጥቋጦ ነው። ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእሱ ነበር፤ ዛሬም ለሀገር ልብስ ከእንዶድ የሚሻል የለም የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። አዘገጃጀቱን ያውቁታል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሳይቀላ ይለቀማል። ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ውሃ ይደረግበትና ሲታሽ አረፋ ይደፍቃል። ልብሱ በዚያ ይዘፈዘፋል።

ይህንን የእናቶች ሥራ ቆም ብሎ በማየቱ ስሙ በዓለም የተጠራ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አለ። ታሪኩን እዚህ አካባቢ ልብስ በእንዶድ ሲታጠብ እያየ ያደገ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ጅጅጋ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱና በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት ዓድዋ ወረዱ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የበሽታውን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ሲሄዱ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈዋል። ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ባለው ውሃ ግን እንዲህ ያለ እልቂት የለም። ልብሱ የሚታጠበው ትግርኛ ተናጋሪው ሽብቲ በሚለው በእንዶድ ነበር።

ብዙ ተመራማሪ ቢሆን ማስታወሻው ላይ ጽፎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትሰጣቸው ጠየቁ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው አረፋውን ጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፣ ደሙ፣ ሞቱ። ሙከራው የተደረገው በወንዝ ዳር፣ በአጣቢዎቹ ፊት ነው፤ ምን እንደተደረገ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። እኔ ከዚህ ታሪክ ከሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው።

የቀንድ አውጣው ሞት ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። ተፈልፍሎ የሚወጣው እጭ የተወሰነ ዓይነት ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ ተባዝቶ በሺህ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ የቆመውን፣ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የታመመ ሰው በኪኒን ይድናል፤ ነገ ወደዚያው ውሃ ሲወርድ ግን ተመልሶ ይያዛል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን መቀነስ ሰንሰለቱን መሀል ላይ መበጠስ ነው።

በእንዶድ ፍሬ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። ደረቁ ፍሬ ውስጥ ሳለ ቀንድ አውጣን በማይጎዳ መልክ ነው የተቀመጠው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው በራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሥራ ይጀምርና ከሳፖኒኑ ጋር ከተያያዘው ስኳር ከፊሉን ይቆርጠዋል፤ መርዝነቱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ያለ ውሃ በአልኮል ብቻ ቢዘፈዘፍ ያን ያህል አይሠራም። ደግሞም ኃይሉ የሚበረታው ፍሬው ሳይቀላ ሲለቀም ነው። ቤተ ሙከራው ከብዙ ልፋት በኋላ የደረሰበት አሠራር እንግዲህ እናቶቻችን ከጥንት ሲሠሩበት የኖሩት ነው፤ ሳይቀላ ልቀም፣ አድርቅ፣ ውቀጥ፣ በውሃ እሽ።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ 17,000 ያህል ሰው በሚኖርባት ዓድዋ እንዶድ በወንዞቹ ላይ ተሞከረ። የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ከስድስት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ የታየው ለውጥ ይበልጣል፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ።

ከዚህ በኋላ ያለው ያሳዝናል። እንዶድ በየጓሮው የሚበቅል ርካሽ ነገር ስለሆነ ትርፍ የሚፈልግ ኩባንያ አልቀረበውም። ዓለም አቀፍ ተቋማት የአፍሪካውያንን የቤተ ሙከራ ውጤት ብቻውን ለመቀበል አቅማሙ፤ የደኅንነት ምርመራው ውጭ አገር እንደገና ይሠራ ተባለና ዓመታት ነጎዱ። ለንደን ውስጥ ያለ አንድ የምርምር ተቋምም ከእንዶድ ንጥረ ነገሩን በማውጣት ዘዴ ላይ በራሱ ስም የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዶክተር አክሊሉ ግን አልተዉትም፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ገፉበት። ዶክተር ለገሠ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየአካባቢው ሰብስበው አወዳደሩና ቁጥር 44 የተባለውን ብርቱ ዓይነት መረጡ። በ1989 ሁለቱ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም እንዶድ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረውን የሜዳ አህያ መልክ ያለው ዛጎላማ ፍጥረት እንደሚገድል በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ታየ። ዶክተር አክሊሉ ያረፉት በ1997 ነው።

ወደ ወገራ እንመለስ። አምባ ጊዮርጊስ ብርዳማ ደጋ ስለሆነ ቢልሃርዚያ እዚህ እንደ ቆላው አይበረታም። ነገር ግን ልጆቻችን ደጋ ላይ ቁጭ ብለው አይከርሙም፤ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ፣ ደንቢያ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳሉ፣ ጣና ዳር ይዋኛሉ። በሽታው ያለበትን ውሃ ሳያውቁ ይገቡበታል። ቀንድ አውጣና ቢልሃርዚያ ምን እንደሚያገናኛቸው ደጋ ሳሉ ቢሰሙ ይጠቅማቸዋል።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ እንዶድ መርዝ ነው። ጽንስ ለማስወረድ ወይም ለሌላ ሕመም እየተባለ የሚጠጡት ሴቶች ለሞት ሊዳረጉ ይችላሉ። ዓሣንም ይገድላል። ለልብስ የተሠራው እንዶድ ሕፃናት ከማይደርሱበት መቀመጥ አለበት፤ ወንዝ ላይ የመጨመሩ ሥራ ደግሞ በባለሙያ ምክር ካልሆነ በዘፈቀደ አይደረግም።

የአምባ ጊዮርጊስ፣ የዳባትና የደባርቅ የሳይንስ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም፣ ስለ ቢልሃርዚያ ስታስተምሩ እባካችሁ በእንዶድ ጀምሩ። ተማሪው አያቱን ይጠይቅ፤ መቼ እንደሚለቀም፣ ለምን ሳይቀላ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚወቀጥ ጽፎ ይምጣ። ከዚያ የዶክተር አክሊሉን ታሪክ ንገሩት። አጥር ስታድሱም የእንዶዱን ቁጥቋጦ አትመንጥሩት።