ቤቱን ራሴ ልሽጠው ወይስ ለደላላ ልስጠው?

ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። በ1980ዎቹ ከደመወዛችን እየቆጠብን ያሠራነው ቤት ለብቻዬ ሰፋኝ፤ ጉልበቴም ደረጃውን ጠልቷል። ሰሚት ያለችው ልጄ “እማዬ፣ ሸጠሽ እኛ አጠገብ አነስ ያለ ግዢ” ማለት ከጀመረች ቆየች። እሺ ባልኩ ቀን ግን ሌላ ክርክር ተነሣ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሟ “ደላላ እንዳታስገቡ፤ ራሳችን እንሸጠዋለን” አለ። እሷ ደግሞ “እማዬ ብቻዋን ለማታውቀው ሰው ሁሉ በር ልትከፍት ነው?” አለችው። እኔ መሐል ሆኜ ደም ግፊቴን መለካት ያዝኩ።

የወንድ ልጄ ስሌት ቀላል ነው። በተለምዶ ደላላ ከሻጭ 2 በመቶ፣ ከገዢም 2 በመቶ ይቀበላል። ቤቱ 12 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ የእኔ ድርሻ ብቻ 240 ሺህ ብር ነው። ለጡረተኛ ነርስ ይህ የስንት ወር አበል እንደሆነ ማስላት ጀምሬ ተውኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሴ ሞከርኩ። ለዕድርተኛውና ለድሮ የሥራ ጓደኞቼ ነገርኩ፤ ልጄም ፎቶ አንስታ በቴሌግራም አወጣችው። ስልኬ ዕረፍት አጣ። “ገዢ ነኝ” እያሉ ከሚደውሉት ብዙዎቹ ደላሎች ሆነው ተገኙ። እውነተኛ ገዢ ሲመጣ ደግሞ እኔ ሰው ሳላስተናግድ መሸኘት አላውቅበትም። ቡና አፍልቼ ሳበቃ፣ ክረምት ላይ ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግ ራሴው አሳየኋቸው። ልጄ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። እኔ ግን አልጸጸትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛን “የሚያምህን አትደብቅ” ስል ኖሬ በስተርጅና መደበቅ አልጀምርም።

ያልጠበቅሁት ችግር የመጣው ከወዳጅ ነው። አንድ የዕድራችን አባል ቤቱን ለልጃቸው ፈለጉት፤ የሰጡት ዋጋ ግን ከጠየቅሁት እጅግ ያነሰ ነው። “እኛ እኮ ቤተሰብ ነን” አሉኝ። ባለቤቴ ያረፈ ዕለት ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ድንኳን ያስተከሉ ሰው ናቸው። በምን አፌ “አይሆንም” ልበላቸው? ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ደላላ ገዢ ከማምጣት ሌላም ጥቅም አለው፤ እኔ የማልደፍረውን “አይሆንም” እሱ ይናገርልኛል።

ደላላ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። መጀመሪያ የመጣው “እናቴ፣ እርስዎ የሚፈልጉትን ብቻ ይንገሩኝ፤ ከዚያ በላይ ያለው የእኔ ነው” አለኝ። አነጋገሩ ጣፋጭ ነው። እኔ 12 ሚሊዮን ካልኩ ለገዢው 13 ብሎ አንዱን ሚሊዮን ሊወስድ ነው። ገዢውን የሚያውቅ ሌላ ደላላ፣ ያንን የሚያውቅ ሦስተኛም ይኖራል፤ ውል በሚፈረምበት ቀን ሁሉም ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። በሰላም ሸኘሁት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዋናውን ነገር ማንም አላነሣውም። የሕግ ባለሙያ የሆነችው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን “ለመሆኑ ቤቱ የማን ነው?” አለችኝ። ሣቅሁባት። ካርታው በባለቤቴ ስም ነው። አብረን ያፈራነው ስለሆነ ግማሹ የእኔ ነው፤ ኑዛዜ ስላልተወ የእሱ ግማሽ ግን የልጆቹ ነው። ስለዚህ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ መውጣት አለበት፤ ውጭ ያለው ልጄም ውክልና መላክ አለበት፤ ውክልናው በኤምባሲ ከተረጋገጠ በኋላ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ይቀርባል። ሁለታችሁም በሕይወት ላላችሁ ደግሞ፣ የቤተሰብ ሕጉ የጋራን ቤት አንዱ ብቻውን እንዲሸጥ አይፈቅድም። ካርታው በማንም ስም ይሁን፣ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል።

ይህን ሳላውቅ ቀብድ ልቀበል ነበር! አንድ ገዢ 500 ሺህ ብር ይዞ መጥቶ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ገንዘቡ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ወረቀቴ ሳይሟላ ተቀብዬ ኋላ ውሉን መተው ግድ ቢሆንብኝ አንድ ሚሊዮን ብር ከየት አመጣ ነበር? የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ያለበት ስለሆነ፣ በሁለት ምስክር ሳሎን ውስጥ የሚፈረም ወረቀትም አይበቃም።

በመጨረሻ ለደላላ ሰጠሁት፤ ግን ለአንድ ብቻ። የንግድ ፈቃድ ያለው፣ ሁለት ጎረቤቶቼ የተገለገሉበት ሰው ነው። በጽሑፍ ተስማማን። ከእኔ 2 በመቶ ያገኛል፤ ከዋጋው በላይ ምንም አይጨምርም። ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተን እንነጋገራለን። ክፍያው ውሉ ተመዝግቦ ገንዘቡ ባንክ ሂሳባችን ከገባ በኋላ ነው። ቤት ማሳየት ልጄ ባለችበት ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ። ስምምነቱ ለሁለት ወር ነው ስለው አጉረመረመ፤ ኋላ ፈረመ። ኮንዶሚኒየም ቢሆን፣ ወረቀቱ የተሟላ፣ ልጆቼም አጠገቤ ቢሆኑ ግን ራሴ እሸጠው ነበር፤ 240 ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ለዕድሩ ሰው ደላላው ነገራቸው። ሰላምታቸው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል። የልጄ ውክልና ባለፈው ሐሙስ ደረሰ፣ ጣሪያውንም አስጠግኛለሁ። ቅዳሜ ሁለት ገዢዎች ይመጣሉ፤ ልጄ ቡና እንዳላፈላ ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች።