ኮከብ እንዴት ይመዘናል?

በሌሊት ሰማይ ላይ ለዓይን ከሚታዩት ከዋክብት ደማቁ ሲሪየስ ነው። ድምቀቱ ግን ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ ቅርብ ያለ ደካማ ኮከብና ሩቅ ያለ ኃይለኛ ኮከብ እኩል ሊታዩ ይችላሉና። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከርቀት ነው። ምድር ፀሐይን ስለምትዞር፣ ጥር ላይ ካለንበት ቦታ እስከ ሐምሌው ድረስ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት አለ። በዚህ ምክንያት ቅርብ ያለ ኮከብ ከጀርባው ካሉት አንጻር በጥቂቱ ሸርተት ያለ ይመስላል። ያቺን ኢምንት ማዕዘን የለካ ርቀቱን ያሰላል። የሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ነው። ርቀቱ ሲታወቅ እውነተኛ ኃይሉም ይታወቃል፦ የ25 ፀሐይ ያህል።

ሙቀቱን የሚናገረው ቀለሙ ነው። ቀጥቃጭ እሳት ውስጥ የከተተው ብረት መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሲብስበት ነጭ ይሆናል፤ ኮከብም እንዲሁ። የከዋክብት ተመራማሪዎች «ቀዝቃዛ» የሚሉት ቀይ ኮከብ ራሱ 3,000 ዲግሪ ገደማ ነው! ሲሪየስ ወደ 10,000 ይጠጋል። ብርሃኑ በፕሪዝም ሲበተን የሚታዩት ጥቋቁር መስመሮች ደግሞ በኮከቡ ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ያሳያሉ። ኃይልና ሙቀት ከታወቁ ስፋት በስሌት ይገኛል፤ የሲሪየስ ዲያሜትር የፀሐይን 1.7 እጥፍ ይሆናል።

አስቸጋሪው መጠነ ቁሱ ነው። ላጤ ኮከብ ክብደቱን በቀላሉ አይናገርም፤ የሚጎትተው ጓደኛ ያስፈልገዋል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1844 ሲሪየስ ቀጥ ብሎ እንደማይጓዝ፣ ወዲህና ወዲያ እንደሚል አስተዋለና የማይታይ ጓደኛ አለው አለ። ጓደኛውን ሳያይ ሞተ። በ1862 አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ አዲስ የተሠራ የቴሌስኮፕ ሌንስ ሲሞክር ከሲሪየስ አጠገብ ደብዛዛ ነጥብ አየ። ሁለቱ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ እርስ በርስ ይዞራሉ። ከዙሩ ጊዜ፣ በመካከላቸው ካለው ርቀትና እያንዳንዳቸው ከሚወዛወዙበት መጠን ሲሰላ ሲሪየስ የሁለት ፀሐይ፣ ጓደኛው የአንድ ፀሐይ ያህል ሆነው ተገኙ።

ግራ ያጋባው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጓደኛው ደብዛዛ ስለሆነ ቀይና ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት። ተመራማሪው ዋልተር አዳምስ በ1915 በማውንት ዊልሰን የከዋክብት መመልከቻ ብርሃኑን በትኖ ሲያየው ግን ነጭና እጅግ ሞቃት ነበር። እንዲህ እየጋለ እንዲህ ከደበዘዘ፣ ብርሃን የሚረጭበት ገጽ በጣም ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ከመሬታችን ብዙም የማይበልጥ። ፀሐይን የሚያህል ክብደት በመሬት መጠን ውስጥ ታጭቋል! አንድ የሻይ ማንኪያ ብንቀዳለት በቶን ይመዘናል። ብዙ ባለሙያዎች ልኬቱ የተሳሳተ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። የተሳሳተው ግን ስለ ቁስ አካል የነበራቸው ግምት ነበር፤ በ1926 የፊዚክስ ሊቁ ራልፍ ፋውለር፣ ከዚህ በላይ አንጨመቅም የሚሉት ኤሌክትሮኖች ኮከቡን ደግፈው እንደያዙት በኳንተም ሕግ አስረዳ። የዚህ ዓይነቶቹ ከዋክብት ዛሬ ነጭ ድንክ ይባላሉ፤ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በለካቻቸው ርቀቶች ከ350,000 በላይ ተለይተዋል።