ትከሻው የወደቀ ጃኬት፦ እናስጠብበው ወይስ እንለውጠው?

ይህን ያህል የአገር ጉዳይ ተቆልሎ ሳለ ስለ አንድ ጃኬት መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። አልፈርድበትም። ነገር ግን እዚህ ሆነን ለወገን ልብስ እየገዛን በመንገደኛ ሻንጣ የምንልክ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመናል። እኔን ገጥሞኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልክ ስመላለስበት ስለከረምኩ፣ የተማርኩትን ባካፍል አይከፋም ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ በቤት ውስጥ ሁላችንም ‹‹ጋሼ›› የምንላቸው፣ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከተማዋን ለማያውቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። የምትታወቀውም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነው፤ ስለ ብርዷ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ጥቅምት ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ።

በ2011 ዓ.ም. ብዙዎቻችን ከስንት ዘመን በኋላ አገር ስንገባ እኔም ገብቼ ነበር። አንድ ምሽት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስናወጋ ብርዱ ሲጠናባቸው ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳቸው። ለእሳቸው ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። ይህች ትዝታ በአእምሮዬ ተቀምጣ ‹‹የጋሼ ልክ የእኔ ልክ ነው›› የሚል ሕግ ሆነች። እናም በመስከረም 2017 ዓ.ም. እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ወፍራም የጥጥ ጃኬት፣ ባለ አራት ኪስ፣ በ89 ዶላር ገዛሁላቸው። ለራሴ ለክቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ 44 ቁጥር። የዘነጋሁት ነገር ቢኖር በ2011 ያለበስኳቸው ጃኬት 40 ቁጥር እንደ ነበረ ነው። በእነዚህ ዓመታት እኔ እዚህ ወፍሬአለሁ፤ እሳቸው እዚያ ከስተዋል።

ጃኬቱ በጥቅምት መጀመሪያ በአንድ ወዳጄ ሻንጣ ተጫነ። እንደምታውቁት ልብስ ስንልክ የዋጋ ወረቀቱን መቁረጥ ልማዳችን ነው፤ ጉምሩክ ላይ ‹‹ይህ ለንግድ ነው›› እንዳይባል። እኔም ቆረጥኩ። ደግነቱ አልጣልኩትም፤ ከደረሰኙ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ላይ ለጥያቄው ግማሽ መልስ የሰጠኝ ያ መሳቢያ ስለሆነ ነው።

ስልክ ደወልኩ። ጋሼ ‹‹እግዜር ይስጥህ፣ ልክ ነው። እንዲያውም ከውስጥ ሹራብ ይይዝልኛል›› አሉኝ። ስልኩን ለእትዬ ሰጡና ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ባለቤታቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ‹‹ልጄ፣ እሳቸውን አትስማ። እጃቸው የለም እኮ! እጅጌው ውስጥ ጠፍቷል። ጎረቤት ‹የማን ኮት ነው?› እያለ ይጠይቃቸዋል›› አለችኝ።

እንግዲህ ይሉኝታ ይህን ያህል ነው። ሰውየው ወንድማቸውን ላለማሳዘን የማይሆናቸውን ልብስ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።

እዚህ ላይ ከአንባብያን አንዳንዱ ‹‹ጥገናዊ ለውጥ ወይስ ሥር ነቀል?›› ብሎ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። እኛ ምን ተይዞ ጉዞ፣ ስለ ሱሪ ቁልፍም ስናወራ አብዮት መጥቀሳችን አይቀርም። ነገር ግን በልብስ በኩል ጥያቄው ከፖለቲካው ይልቅ ቀላል ነው፤ ልብስ ሰፊዎች መልሱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታልና። ጃኬት ሲሰፋህ ወይም ሲጠብህ በመጀመሪያ የምታየው ትከሻውን ነው። የእጅጌው ስፌት የትከሻህ አጥንት በሚያበቃበት ቦታ ላይ ካረፈ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል። ስፌቱ ወደ ክንድህ ከወረደ ወይም ወደ አንገትህ ከገባ ግን ልብስ ሰፊ ፍለጋ ከመሄድህ በፊት ደረሰኝህን ፈልግ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ትከሻን ለማጥበብ ሁለቱም እጅጌዎች ሙሉ በሙሉ መፈታት አለባቸው። የትከሻው ጨርቅ ሲቆረጥ የብብቱ ዙሪያ ቅርፅ ይለወጣል። የእጅጌው አናት ደግሞ ድሮ ለነበረው ብብት ተለክቶ የተቆረጠ ስለሆነ እሱም እንደ ገና ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ ተጨማድዶ ይቀመጣል። ገበር ካለው ገበሩም ይከተላል። በአጭሩ ግማሹን ጃኬት እንደ አዲስ መስፋት ነው። እዚህ ያለሁበት ከተማ የጠየቅኋት ልብስ ሰፊ፣ ለዚህ ሥራ የነገረችኝ ዋጋ ከጃኬቱ ዋጋ ብዙም አይርቅም ነበር። እሷው ራሷ ‹‹አታድርገው›› አለችኝ፤ ደንበኛዋን እንዲህ የምትመልስ ሴት ታማኝ ናት።

ሌላው ነገር እንደየመልኩ ነው። ጎኑ ከሰፋ በሁለቱ የጎን ስፌቶች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማስገባት ቀላል ሥራ ነው። እጅጌው ከረዘመና ጫፉ ተራ እጥፋት ከሆነ ማሳጠሩም እንዲሁ። ጫፉ ላይ የሚቆለፍ ቁልፍ፣ ዚፕ ወይም የሚሳብ ሹራብ ካለው ግን ሥራው ይከብዳል፤ ያን ሁሉ ነቅሎ ወደ ላይ መልሶ መትከል ነውና። ቁመቱን ማሳጠር ሲነሳ ሰው ኪሱን ይረሳል። ከታች አምስት ሴንቲ ሜትር ብትቆርጥ ኪሱ ከነበረበት አይነቃነቅም፤ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዚፕ ያለው ከሆነ ደግሞ ዚፑም አብሮ መለወጥ ወይም ማጠር አለበት።

ጠባብ ልብስ የባሰ ነው። ሰፊ ልብስ ትርፉ ይቆረጣል፤ ጠባብ ልብስ ግን ከየት ይጨመርለታል? ውስጡን ገልብጠህ ስፌቱ ዳር የተረፈውን ጨርቅ እይ። ድሮ መርካቶ ልካችንን አስለክተን ስናሰፋ ጥሩ ልብስ ሰፊ ‹‹ልጁ ያድጋል›› ብሎ ሁለት ጣት ጨርቅ በውስጥ ይተው ነበር። የዛሬ ፋብሪካ የሚተወው አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ ምን ይለቀቃል?

ስለ ጨርቁም ልብ በሉ። ቆዳና በሰም የተነከረ ጨርቅ መርፌ የገባበት ቀዳዳ አይደፈንም፤ ስፌቱ ሲፈታ ነጠብጣቡ ለዘላለም ይታያል። እንደ ጂንስ በድርብ ስፌት የተሠራና ታጥቦ የደበዘዘ ጨርቅ ደግሞ፣ የድሮው ስፌት የነበረበት መስመር ጠቁሮ ይቀራል። የሱፍ ጨርቅ ይህን ይሸሽጋል፤ ለስፌት እንደ ሱፍ ይቅር ባይ ጨርቅ የለም።

በነገራችን ላይ አያቶቻችን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም። የመንዝ በርኖስ የተሰፋ እጅጌ የለውም፤ ስለዚህ ‹‹ትከሻዬ ላይ አልተቀመጠም›› የሚል ሰው የለም። ጋቢም እንዲሁ። አባት ለልጅ፣ ልጅ ለወንድሙ ያወርሳል። ልክ የሚባል ነገር ከኮትና ከጃኬት ጋር የመጣ ዕዳ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በቪዲዮ ደውዬ ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ይቆልፉትና ራስዎን ይቀፉ›› አልኳቸው። ‹‹ደግሞ ምን ሊያሳየኝ ነው!›› እያሉ አደረጉት። ይህ ማንም ሱቅ ውስጥ ሊያደርገው የሚገባ ፈተና ነው። ከውስጥ የምትለብሰውን ሹራብ ለብሰህ ቆልፍ፣ ራስህን እቀፍ፣ እጅህን ወደ ላይ አንሳ። ጀርባው ላይ የአግድም ሽብሽብ ከታየ ጠቧል፤ ወደ ታች የሚወርድ እጥፋት ከታየ ሰፍቷል። የጋሼ ጀርባ ላይ መጋረጃ የሚያህል እጥፋት ነበር።

እትዬ ሜትር አምጥታ ለካች። የጋሼ ትከሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ 45 ሴንቲ ሜትር፣ የጃኬቱ 49። ደረታቸው 99 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት 39 ኢንች። በአሜሪካ የወንዶች ኮትና ጃኬት ላይ የሚጻፈው 40 ወይም 44 የደረት ልክ በኢንች ነው፤ አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በላዩ 10 ጨምራችሁ 50 ወይም 54 ብላችሁ ታነቡታላችሁ። ስለዚህ ወንድሜ የሚያስፈልጋቸው 40 ነበር፤ እኔ የላክሁት ሁለት ቁጥር የሚበልጥ። አንድ ቁጥር ቢሆን በማስጠበብ ይታረማል። ሁለት ቁጥር ግን ሌላ ሰው ማለት ነው።

ቢሆንም እዚያው ያለውን ልብስ ሰፊ ሳልጠይቅ መወሰን አልፈለግሁም። በእግር የሚነዳ ሲንጀር ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ጃኬቱን ገልብጦ አየና ስልኩን ተቀብሎ፣ ‹‹ጌታዬ፣ ጎኑን አጠብልዎታለሁ፣ እጅጌውን አሳጥርልዎታለሁ። ትከሻውን እነካዋለሁ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ስፌቱ ድርብ ነው፤ ብፈታው ጠባሳው ይታያል፤ በዚህ ላይ ትከሻው እንዲሁ ወድቆ ጎኑ ብቻ ቢጠብ፣ ሰውየው መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ልብስ ነው የሚመስሉት›› አለኝ። ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ በሁለት አህጉር፣ አንድ ቃል።

እንግዲህ መለወጥ። ሱቁ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ወዳጄ ደግሞ በኅዳር አሥር ይመለሳል፤ ይደርሳል።

ስለ መመለስ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ‹‹አሜሪካ ውስጥ ዕቃ መመለስ መብት ነው›› ብለን እናምናለንና። አይደለም። ልብሱ ጉድለት ከሌለበት፣ ስላልሆነህ ብቻ ሱቁ እንዲቀበልህ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። የሱቁ ፈቃድ ነው። ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ለምሳሌ ኒው ዮርክ ውስጥ ሱቁ የመመለሻ ደንቡን ካልለጠፈ ደንበኛው በ30 ቀን ውስጥ ያልተጠቀመበትን ዕቃ መመለስ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢንተርኔት የገዛኸውን በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ትመልሳለህ፤ እንግሊዝም ተመሳሳይ ደንብ አላት። ሱቅ ገብተህ ለብሰህ ለክተህ የገዛኸው ግን እዚያም በሱቁ ደንብ ነው የሚተዳደረው። በሁሉም ቦታ ደግሞ መቀስ የነካው ልብስ አይመለስም። ለዚህ ነው ‹‹መጀመሪያ እናስጠብበው፣ ካልሆነ እንመልሰዋለን›› የሚለው አካሄድ የማይሠራው።

እኛ ዘንድ ችግሩ ሕግ ብቻ አይደለም። ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› የሚል ጽሑፍ በየሱቁ እያነበብን ነው ያደግነው። እኔ በመጣሁበት ዓመት ጣቴን የሚጨፈልቅ ጫማ ገዝቼ፣ ብመልሰው ሻጩን መስደብ መስሎኝ ክረምቱን ሙሉ አነክስ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። በሌላ በኩል ለሠርግ ለብሶ በማግስቱ የሚመልስም ወገን አለን፤ ይህ ነውር ነው፣ ‹‹ሲስተሙን ማወቅ›› እየተባለ መሞገስ የለበትም።

ይህን የምለው የጋሼ ጃኬትም እዚህ ላይ ስለተሰናከለ ነው። የሱቁ ደንብ ‹‹ያልተለበሰ›› ይላል። የዋጋ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ደረሰኙም አለ። ወዳጆቼ ‹‹አንድ እሑድ ቢለበስ ማን ያውቃል?›› አሉኝ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለግማሽ ቀን ያህል ተስማምቼ ነበር። ለጋሼ ስነግራቸው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ‹‹ለብሼ ቅዳሴ የቆምኩበትን ልብስ አልተለበሰም ብለህ ልትመልስ ነው? አይሆንም›› አሉ። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው የሚናገረኝ፤ ዝም አልኩ።

በመጨረሻ መላውን ያመጣችው እትዬ ናት። የመጨረሻ ልጃቸው ትከሻው ሰፊ ነው፤ ጃኬቱን ስታለብሰው የእጅጌው ስፌት ልክ ቦታው ላይ አረፈ። ልብስ ሰፊው ጎኑን በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሴንቲ አስገባለት፤ እጅጌውን አልነካም። የተከፈለው ገንዘብ እዚህ የአንድ ኩባያ ቡና ዋጋ አይሞላም። ልጁ ፎቶ ላከልኝ፤ አያወልቀውም አሉ።

ለጋሼ ሌላ መግዛት ነበረብኝ፤ 89 ዶላሩ ሁለት ጊዜ ወጣ ማለት ነው። በዚህኛው ጊዜ ሜትር ኪሴ ውስጥ ይዤ ሱቅ ገባሁ፤ ቁጥሩን ከማመን ትከሻውን ለካሁ። ለገና ከሚሄድ መንገደኛ ጋር ተነጋግሬአለሁ። እስከዚያ ድረስ ኅዳርንና የታኅሣሥን እኩሌታ በጋቢ ሊያልፉት ነው። ልካቸውን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ በስልክ ሳነብላቸው፣ ትከሻ 45፣ ደረት 99 ስል፣ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ ‹‹ደረቱ ላይ ሁለት ሴንቲ ጨምርበት፤ አንተ እስክትመጣ እወፍራለሁ›› አሉኝ።