የአቧራ መጥረጊያው መኪና ዋጋውን ያወጣልን?

በአዋሽ ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩ የቤት እመቤቶች ከማለዳ እስከ ማታ የማይለያቸው አንድ እንግዳ አለ። ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሳይጋብዙት ይቀመጣል፤ ቢያስወጡትም ተመልሶ ይገባል። ይህ እንግዳ አቧራ ነው። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ቀትር ላይ ጣት ቢያሳርፉበት ምልክት ይይዛል። በሰመራና በጎረቤቷ በሎጊያ ደግሞ ነፋሱ ሲነሣ፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ በመስኮት ንቃቃትና በበር ሥር ሾልኮ የሚገባው ደቃቅ አፈር ከአልጋ ልብስ እስከ ቡና ረከቦት ድረስ የማይደርስበት ዕቃ የለም።

ይህን አቧራ ለማሸነፍ ሴቶቻችን ለብዙ ዘመን የታገሉት በመጥረጊያ፣ በውሃ ርጭትና በእርጥብ ጨርቅ ነው። ዛሬ ግን ሌላም መሣሪያ አለ። እርሱም በተለምዶ ቫኪዩም ክሊነር እየተባለ የሚጠራው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአቧራ መጥረጊያ መኪና ነው።

ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገሮች ሄደው የተመለሱ እኅቶች ይህን መሣሪያ በሚገባ ያውቁታል፤ በአሠሪዎቻቸው ቤት ከክፍል ክፍል ሲገፉት ኖረዋልና። ከእነዚህ መካከል አንዷ፣ እናቷ ወገቧን ይዛ ስትጠርግ ማየት ያሳዘናት ልጅ፣ ከቁጠባዋ ቀንሳ እጅግ ዘመናዊ የተባለውን ዓይነት ይዛ ወደ አገሯ ለመመለስ አሰበች እንበል። ሐሳቧ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን በላቧ ያፈራችው ገንዘብ ነውና ከመክፈሏ በፊት አንድ ጥያቄ ብታነሣ ተገቢ ይሆናል። መሣሪያው በማስታወቂያ የሚነገርለትን ያህል ይሠራልን? በተለይስ በአዋሽና በሰመራ ሙቀትና አቧራ ውስጥ? በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ እንመለከታለን።

ከትራስ ልብስ እስከ አውሎ ነፋስ

መሣሪያው ለእኛ አዲስ ይምሰል እንጂ ዕድሜው ከ100 ዓመት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1901 ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አቧራን በአየር ከመንፋት ይልቅ መሳብ እንደሚሻል ተገነዘበ። የሠራው መኪና ግን በፈረስ የሚጎተት ግዙፍ ነገር ስለነበረ፣ መኪናው ከደጅ ቆሞ ረጅም ቱቦ በመስኮት እየገባ ነበር ቤቱ የሚጠረገው።

ወደ ተራው ሰው ቤት ያስገባው ሌላ ሰው ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። በሚጠርግበት ጊዜ የሚነሣው አቧራ የአስም በሽታውን እየቀሰቀሰ ቢያስቸግረው፣ የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አቀናጅቶ በእጅ የሚገፋ መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ ባለቤትነቱን ካስመዘገበ በኋላ መብቱን ለሁቨር ሸጠ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ መሣሪያ የተወለደው ከሀብታም ቤት ቅንጦት ሳይሆን ደረቱን ካመመው ጽዳት ሠራተኛ ችግር ነው።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ሞተሩ ማራገቢያውን ያሽከረክራል፤ በውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው አየር አቧራውን ተሸክሞ ይገባል፤ ከረጢቱ አቧራውን አስቀርቶ አየሩን ያሳልፋል። ችግሩ የከረጢቱ ቀዳዳዎች በደቃቅ አቧራ በተደፈኑ ቁጥር የመሳብ ኃይሉ መዳከሙ ነበር። ጄምስ ዳይሰን የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ለማስወገድ 5,127 የሙከራ ሞዴሎች ከሠራ በኋላ ከረጢቱን አስቀርቶ አቧራውን እንደ አውሎ ነፋስ እያሽከረከረ የሚለይ መሣሪያ አወጣ። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 በጃፓን፣ ቀጥሎም በ1993 በገዛ አገሩ ለገበያ ቀረበ። በጃፓን ሲጀመር ዋጋው 2,000 ዶላር ግድም ነበር። ዛሬ ደግሞ ገመድ የሌለው፣ በባትሪ የሚሠራው፣ አልፎ ተርፎም ያለ ሰው ራሱ እየዞረ የሚጠርገው ሁሉ መጥቷል። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥር የሆኑት በውጭ ገበያ ከ400 እስከ 900 ዶላር፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይጠየቅባቸዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ መጨመሩን ስናስታውስ ገንዘቡ ቀላል አይደለም።

ማስታወቂያውና እውነቱ

የመጀመሪያው ማባበያ የዋት ቁጥር ነው። በካርቶኑ ላይ 2,000 ዋት ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ሰው በዚያው መጠን የሚስብ ይመስለዋል። ዋት ግን መሣሪያው የሚበላው ኤሌክትሪክ እንጂ የሚያነሣው አቧራ መለኪያ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1,600 ዋት በላይ፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሚወስዱ የአቧራ መጥረጊያዎች ለገበያ እንዳይቀርቡ ሲከለክል፣ ፋብሪካዎቹ አፋቸውንና የአየር መንገዳቸውን አሻሽለው በአነስተኛ ዋት በሚገባ የሚጠርጉ መሣሪያዎች አቅርበዋል። ስለሆነም ትልቅ ቁጥር ያየ ሁሉ አይታለል።

ሁለተኛው፣ የመሳብ ኃይሉ ከቶ አይቀንስም የሚለው ነው። የአውሎ ነፋሱ ዘዴ ከባዱን አቧራ በመለየት ረገድ በእርግጥ ብልኅነት ያለበት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ እንደ ዱቄት የላመው አቧራ ከአዙሪቱ አምልጦ ወደ ማጣሪያው ይደርሳል። የሰመራ አቧራ ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። በመሆኑም ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ማጠብና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ሰው የ900 ዶላሩም መሣሪያ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ታፈነ ሰው ሲያቃስት ይሰማዋል።

ሦስተኛው፣ ገመድ አልባው በአንድ ጊዜ ኃይል ሙሌት 60 ደቂቃ ይሠራል የሚለው ነው። ይህ ዘወትር የሚለካው በዝቅተኛው ኃይል ነው። ምንጣፍ ውስጥ የገባ አሸዋ ለማውጣት ከፍተኛው ኃይል ላይ ሲደረግ ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ግድም አያልፍም። ከዚህም ሌላ የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ጠላቱ ነው። ሙቀት በበዛ ቁጥር ቶሎ ያረጃል። አዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ግድም ላይ ሲገኝ፣ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ነው። በሞቃቱ ወራት ጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ለቀዝቃዛ አገር ክፍል የታሰበ ባትሪ በቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኃይል ሲሞላ ቢውል ዕድሜው ማጠሩ አይቀርም። የመሣሪያው ውድ አካልም ይኸው ባትሪ ነው።

አራተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ሄፓ በሚል ስም የሚታወቀው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ ከ100 እጅ 99.97 እጁን ያስቀራል። ይህ እውነት ነው፤ አስም ላለበት ሰውም ጥቅም አለው። ነገር ግን የመሣሪያው አካል በየመጋጠሚያው በደንብ ያልተዘጋ ከሆነ አየሩ በጎን ስለሚያመልጥ ማጣሪያው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማስታወቂያዎቹ አብዝተው የሚያስፈራሩበት ዐይን የማያያት የአቧራ ተባይም በእርጥብ አየር የምትኖር ፍጥረት ናት። ውሃ የምታገኘው ከአየሩ ነውና፣ ምንጣፍ በየጊዜው ፀሐይ በሚመታበት ደረቅ አገር የለንደንን ያህል ልትበዛ አትችልም።

መንግሥታት ያወጡት የጥራት ምልክት እንኳ ከጥያቄ አላመለጠም። በአውሮፓ በአቧራ መጥረጊያዎች ላይ ይለጠፍ የነበረው የደረጃ ምልክት የተመሠረተው ባዶ ከረጢት ይዘው በተደረጉ ሙከራዎች ላይ ነበር። ዳይሰን ይህን ተቃውሞ ስለከሰሰ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት ደንቡን ሰርዞታል። ባዶ ከረጢት ይዞ የሚሮጥ መኪና ሞልቶበትም ያው ይሮጣል ማለት አይደለምና።

ሥራው ለማን ይቀራል?

ከዋጋው ባሻገር ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ካውን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የቤት ውስጥ መኪናዎች የእናትን ድካም ያቃለሉትን ያህል የሥራ ሰዓቷን እንዳልቀነሱላት አስረድተዋል። ቀድሞ ትልቁ ምንጣፍ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ወደ ደጅ ሲወጣ ባልም ልጆችም ያግዙ ነበር። መኪናው ሲገባ ግን ምንጣፉ በየሳምንቱ መጠረግ አለበት ተባለ፤ ጠራጊዋም እናት ብቻ ሆነች።

ይህ ለእኛም ትምህርት ነው። በአዋሽና በሰመራ ምንጣፍ አንሥቶ በገመድ ላይ ማራገፍ የወንዶች ልጆችም ጉልበት የሚገባበት ሥራ ነው። መኪና ተገዛልሽ ተብሎ ልጆቹ እጃቸውን ከሰበሰቡ፣ ስጦታው ለእናት ዕረፍት ሳይሆን አዲስ ግዴታ ይሆንባታል። እናቱን ለመርዳት የሚፈልግ ሁሉ መሣሪያውን ሲገዛ የሚገፋውንም ሰው አብሮ ይወስን።

የት ይጠቅማል? የትስ አይጠቅምም?

በገጠር የአፋር እናቶች ከዘንባባ ቅጠል በሠሩት ሰሌን የሚያለብሱት ዳቦይታ ለዚህ መኪና የሚሆን ቦታ አይደለም፤ ሰሌኑ ተነሥቶ ሲራገፍ ቤቱ ጸዳ ማለት ነው። በከተማም ቢሆን ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ለሆነ ቤት እርጥብ መወልወያ የተሻለ ነው። ደረቅ መጥረጊያ ደቃቁን አቧራ ወደ አየር ሲበትነው እርጥብ ጨርቅ ግን ይዞ ያስቀረዋል። እናቶቻችን ከመጥረጋቸው በፊት ውሃ የሚረጩት በከንቱ አይደለም።

መኪናው በእርግጥ የሚረዳው ወለሉ ዳር እስከ ዳር ምንጣፍ በተነጠፈበት፣ ጫማ በር ላይ ወልቆ ቤተሰቡ በመጅሊሱ ዙሪያ በሚቀመጥበት፣ በሚበላበትና በሚጸለይበት ቤት ነው። እንዲህ ያለው ከባድ ምንጣፍ በየቀኑ አይነሣም፤ ሕፃናትም በእርሱ ላይ ይድሁበታል። በቤቱ አስም ያለበት ሰው ካለ ጥቅሙ የበለጠ ይሆናል። በሆቴሎችና በመሥሪያ ቤቶችም እንደዚሁ ነው። ሆኖም ለዚህ ሥራ ገመድ ያለው፣ ከረጢት ወይም በደንብ የሚዘጋ ማጣሪያ የተገጠመለት፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ መሣሪያ ይበቃል። ራሱ እየዞረ የሚጠርገው ደግሞ ከመጅሊሱ ፍራሽና ከምንጣፉ ጠርዝ ጋር ሲታገል መዋሉ ነው።

ለመግዛት ለቆረጡ

አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩን ይመልከቱ። የአገራችን ኃይል 220 ቮልት ስለሆነ ከአሜሪካ የሚመጣ ባለ 110 ወይም 120 ቮልት መሣሪያ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። የኃይል መዋዠቅ ባለበትም መከላከያ ማድረግ ይገባል። ስለ ፍጆታው ግን ብዙ አያስቡ። ባለ 900 ዋት መሣሪያ 20 ደቂቃ ቢሠራ የሚወስደው፣ ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በ5 ደቂቃ ግድም የሚወስደውን ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ ከረጢቱ፣ ማጣሪያውና ባትሪው የት እንደሚገኝ አስቀድመው ይጠይቁ። መለዋወጫ ያልተገኘለት መኪና በማዕዘን የሚቆም ዕቃ ነው።

ሦስተኛ፣ በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ያለውን አደጋ አይዘንጉ። ከከሰል ማንደጃ የተረፈ ፍም በውስጡ የተሰባሰበውን አቧራ ሊያቀጣጥል ይችላል፤ አመድ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ቄጠማ ቱቦውን ይዘጋል። የፈሰሰ ውሃም በዚህ መኪና አይነካም። እነዚህን አስቀድሞ በእጅ ማንሣት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የተጠራቀመውን አቧራ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን በጀርባ አድርገው፣ አፍና አፍንጫን በሻሽ ሸፍነው ይድፉ። ቀኑን ሙሉ የሰበሰቡትን በአንድ ጊዜ መልሶ መተንፈስ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ዓይነት ይሆናል።

በመጨረሻም ወደዚያች ልጅ እንመለስ። የእናቷ ቤት ምንጣፍ የሌለው ሲሚንቶ ከሆነ ገንዘቧን ለዚህ መሣሪያ ባታወጣ እንመክራለን። በሰመራ ሙቀት ወተትና የልጆች ምግብ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማቀዝቀዣ፣ ወይም የእጅ እጥበትን ድካም የሚቀንስ የልብስ ማጠቢያ መኪና ይቅደም። ቤቱ ምንጣፍ ያለው ከሆነ፣ ወይም እናቷን አቧራ የሚያስላቸው ከሆነ፣ ባለ ገመዱን መካከለኛ ዓይነት ትግዛ። ቀሪውን ገንዘብ ለራሷ መቋቋሚያ ታስቀምጥ። የተወራለት መሣሪያ ይሠራል፤ ያልተወራለትም ይሠራል። ልዩነታቸው ከፍ ብሎ የሚታየው ግን በአብዛኛው በዋጋቸው ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናት ጎንበስ ባለች ጊዜ አብሯት ጎንበስ የሚል ልጅ በየትኛውም ገበያ የሚሸጥ አይደለም።