ጀማሪ ስኪ ሲመርጥ

የስኪ ነገር ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ከተራራ ጫፍ ቁልቁል ወደሚወረወሩት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዳገት ላይ እግሩን ላጠነከረ ሰው እኔ የምመርጥለት ግን ሌላውን ነው፤ ሜዳውንም ዳገቱንም በራስ ጉልበት የሚሄዱበትን የአገር አቋራጭ ስኪ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ የተወከለችውም በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው ሮቤል ተክለማርያም በየካቲት 1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ፣ በየካቲት 2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ በዚያው ርቀት 93ኛ ወጣ። ደረጃውን ብቻ አይቶ ማለፍ ግን ደግ አይደለም። ርቀቱ አንድ ቢሆንም የቱሪኑ እግር እያፈራረቁ ቀጥ ብለው የሚሄዱበት ክላሲክ ነበር፤ የቫንኩቨሩ ደግሞ ወደ ጎን እየገፉ የሚንሸራተቱበት ነጻ ስልት። ስኪዎቹም ይለያያሉ። ጀማሪ በክላሲኩ ይጀምር።

ጫማው ከማሰሪያው ጋር ይግጠም፤ ዘንጉ እስከ ብብት ይድረስ። ይኸው ነው።

ዋናው ጉዳይ ክብደት ነው። ቁመትህን ብቻ ጠይቆ ስኪ የሚያወርድልህ ሻጭ ካጋጠመህ ገንዘብህን አታውጣ። የክላሲክ ስኪ መሃሉ እንደ ደጋን ከፍ ያለ ነው። በሁለት እግር ስትቆም ክብደትህ ለሁለት ይከፈላል፤ መሃሉ በረዶውን ሳይጫን ጫፍና ጫፉ ይንሸራተታል። በአንድ እግር ስትረግጥ ግን ሙሉ ክብደትህ መሃሉን ይጫነዋል፤ እዚያ ያለው ሰም ወይም ቅርፊት መሰል ጥርስ በረዶውን ይነክሳል፤ አንተም ወደ ፊት ትገፋለህ። ዳገት የሚወጣው በዚህ ነው። ስኪው ከጠነከረብህ መሃሉ አይወርድም፣ ወደ ኋላ ያንሸራትትሃል። ከለሰለሰብህ ደግሞ ሁልጊዜ እየነከሰ ይጎትትሃል።

ሚኒያፖሊስ ውስጥ የማውቀው አንድ የስማዳ ልጅ በሰው ስኪ ዳገት አልወጣ ብሎት፣ «ጋሼ፣ ጉልበቴ ነው እንዴ የከዳኝ?» አለኝ። የስኪው ባለቤት ከእሱ እጅግ የሚከብድ ሰው ነበር። ስኪውን አጥልቆ ደልዳላ ወለል ላይ አቁሜው በእግሩ ትክክል ከስኪው ሥር ወረቀት አስገባሁ። በሁለት እግሩ ሲቆም ወረቀቱ ወዲያና ወዲህ መንሸራተቱ ትክክል ነው። በአንድ እግሩ ሲቆምም እንደዚያው ተንሸራተተ፤ መያዝ ነበረበት። ለስለስ ያለ ስኪ ስናገኝለት ያንኑ ዳገት ወጣው። ይህን ሙከራ ሱቅ ውስጥ ለማድረግ አትፈሩ። ስትሞክሩም የምትሄዱበትን የብርድ ልብስ ለብሳችሁ፣ ቦርሳችሁን አዝላችሁ ይሁን፤ ስኪው የሚሸከመው ይህን ሁሉ ነው።

ሰም እንደ ብርዱ መጠን ይለዋወጣል፤ ለጀማሪ ጥርስ ያለው ወይም መሃሉ ላይ አጭር ጸጉር የተለጠፈበት ይሻላል። ስኪ አጥልቀው አስፋልት የሚሻገሩና ማሞቂያ አጠገብ የሚያቆሙትን ግን እባካችሁ ተዉ እላቸዋለሁ።

ያገለገለ ስኪ ስትገዙ ሆድ ለሆድ አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። መሃሉ ላይ ክፍተት ካልታየ ቅስቱ ሞቷል፤ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።